ተያት፣ ተኝታለች እኮ

አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገና ሳይቀመጥ የሚያስከትላት ጥያቄ አለች። «ሌሊት ታስተኛችኋለች?» እኔም እንደ ማንኛዋም አራስ «ተመስገን፣ ደህና ናት» እላለሁ። ዓይኔ ሥር ያበጠው ነገር ግን ሌላ ይናገራል። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ገንፎዋን ቅቤው ውስጥ እያጠቀሰች አየት አደረገችኝና «የእኔ ልጅማ ጨዋ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ሌሊቱን ለጥ ነው» አለች።

ክፋት የላትም። እሷ ሄደች፣ ነገሯ ግን እኔ ጋ ቀረ። የእኔዋ ታዲያ ባለጌ ናት ማለት ነው? ገና ጡት በቅጡ መያዝ የለመደች ልጅ ሌሊት ስለነቃች ባሕርይ ይወጣላታል? ደግሞስ ያ ልጅ እውነት ለጥ ብሎ ነው ያደረው ወይስ ያኔ የሚነሳለት ሌላ ሰው ነበር? ይህችኛዋ ጥያቄ የመጣችልኝ ቆይታ ነው። ለጊዜው ያደረግኩት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ስልክ አወጣሁ።

ስልኩ ደግሞ አያሳርፍም። በአንድ ሳምንት ልጅ ሌሊቱን እንዲተኛ እናደርጋለን የሚል አለ። እናት ሆድ ውስጥ ያለውን ድምፅ የሚያሰማ ማሽን አለ። በራሱ የሚወዛወዝ አልጋ አለ፤ ዋጋውን ወደ ብር ስመታው ሳቄ መጣ። ሁሉም የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። ልጄ ተበላሽታለች፣ መጠገን አለባት።

«ቆይ»

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛው ጋ ነበረች። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባለ አንድ መኝታ። እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ከእኔና ከልጅቱ ጋር ታድራለች፣ ባለቤቴ ሳሎን ተሰዷል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ልጅቱ ከአጠገቤ ካለው ትንሽ አልጋዋ ላይ ማቃሰት ጀመረች። ማቃሰት ስል የሽማግሌ ማቃሰት ነው። እህህ፣ እምም። እግሯን ወደ ሆዷ ሰበሰበች። ፊቷ ቀላ። ክንዷን ወርወር አደረገችና አንዲት አጭር ለቅሶ ለቀቀች። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። ይሄኔ እማዬ የእጄን አንጓ ያዝ አደረገችኝ።

«ቆይ።»

«እያለቀሰች እኮ ነው!»

«ተያት፣ ተኝታለች እኮ።»

«ምን ተኝታለች፣ ዓይኗ ተገልጧል!»

«ቢገለጥስ? እያየችሽ ነው?»

የስልኬን መብራት በነጠላ ሸፍኜ ጠጋ አልኩ። እውነትም አታየኝም። ሽፋሽፍቷ ግማሽ ተከፍቶ ከሥሩ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከንፈሯ ጡት የያዘች ይመስል ይስባል። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። ወዲያው ደግሞ በአንድ ጉንጯ ፈገግ አለች። «ማርያም እያጫወተቻት ነው» አለች እማዬ በሹክሹክታ። ትንፋሿ ፈጠን ይላል፣ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይቀጥላል። እኔ የእሷ ትንፋሽ ቀጥ ባለ ቁጥር የእኔም ቀጥ ይላል። ከዚያ ሁሉም ነገር ረገበ። ጡጫዋ ተፈታ። ዝም አለች።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ ስትነቃ ሌላ ሰው ነበረች። ጭንቅላቷን ወደ ጎን እያዞረች አፏን ትከፍታለች፣ እጇን ትልሳለች፣ ዓይኗ ነጠላው ላይ ያለውን ብርሃን ይከተላል። ገና አላለቀሰችም። «ይኸው፣ አሁን ነቃች። አሁን አንሻት» አለች እማዬ። አነሳኋት፣ ጠባች፣ ተመልሳ ተኛች። ያለ ለቅሶ።

እንግዲህ ይሄ ነው የተለወጠብኝ ቅጽበት። ልጅቱ ምንም አልሆነችም። ያቺው ናት። ተጨማሪ ነገር ያየሁት እኔ ነኝ።

ለምን ታቃስታለች?

በማግስቱ የእማዬን ነገር ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። አዲስ የተወለደ ልጅ ከእንቅልፉ ግማሽ ያህሉ ንቁ እንቅልፍ የሚባለው ነው። ዓይን ከሽፋኑ ሥር ይንቀሳቀሳል፣ ፊት ይለዋወጣል፣ እጅ እግር ይወራጫል፣ ድምፅ ይወጣል። አዋቂ ሰው ሕልም ሲያይ አካሉ ይታሰርለታል፤ ጨቅላ ላይ ይህ ማሰሪያ ገና አልጠበቀም። ስለዚህ እንቅልፏን በድምፅ ነው የምትተኛው። እኛ ትልልቆቹ መጀመሪያ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ እንወርዳለን። ጨቅላ ግን በንቁ እንቅልፍ በኩል ነው የሚገባው። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚሻገረውም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ትንሽ ትንፈራገጣለች። ያኔ ብድግ አድርጎ የሚያቅፋት ሰው ካለ ትነቃለች። ማን አይነቃም?

ይህን ሳነብ አንድ ሌላ ነገርም ገባኝ። አቅፈን አስተኝተን፣ ቀስ ብለን አልጋዋ ላይ ስናጋድማት ዓይኗ ብልጭ የሚለው ለምንድን ነው? ገና የእንቅልፍ በር ላይ ስለሆነች ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በዚህ ነገር ላይ ልክ ገብቶ አይቻለሁ። እማዬ የልጅቱን ክንድ አንስታ ትለቀዋለች። ክንዱ ዝልፍልፍ ብሎ ከወደቀ ታስተኛታለች፤ ካልወደቀ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃፓኑ የምርምር ተቋም ሪከን ተመራማሪዎች በ21 ሕፃናት ላይ ይህንኑ ነገር መርምረው ነበር። የሚያለቅስን ልጅ አቅፎ 5 ደቂቃ ያህል መመላለስ ያረጋጋዋል፤ ከተኛ በኋላ ደግሞ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አቅፎ ቁጭ ማለት፣ ከዚያ አልጋው ላይ ማጋደም ይሻላል ብለው ጻፉ። ለእማዬ አነበብኩላት። «ታዲያ እሹሩሩ ምን መሰላቸው?» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ቀንና ሌሊት ገና አልተለዩም

አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይተኛል። እንቅልፍ አላነሰውም ማለት ነው። የተቆራረጠ፣ ቀንና ሌሊት የማይለይ መሆኑ ነው እኛን የሚገድለን። ማሕፀን ውስጥ እያለች ሌሊት መሆኑን የሚነግራት ሜላቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእኔ ደም ይመጣላት ነበር። ስትወለድ ያ ተቋረጠ። የራሷ አካል በሥርዓቱ ሌሊት ሌሊት ማመንጨት የሚጀምረው ወደ ሁለትና ሦስት ወር ገደማ ነው። እስከዚያ ሰዓቷ አይሠራም። ሆዷም ትንሽ ነች፤ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለባት። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የተወለደችበትን ክብደት እስክትመልስ ድረስ፣ ብዙ ሰዓት ብትተኛ እንኳ ቀስቅሶ ማጥባት ያስፈልጋል። ጎረቤቴ ለጥ ብሎ ያድር ነበር ያለችው ልጅ እውነት ገና ከተወለደ ጀምሮ ለጥ ብሎ ከነበረ፣ ሐኪም ቢሰማ ደስ ላይለው ይችላል።

ሰዓቷን ማስተማር አይቻልም፣ መጠቆም ግን ይቻላል። እዚህ ላይ እማዬ ሳታውቀው አንድ ትልቅ ነገር ታደርግ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ታሞቃታለች። በረንዳችን ላይ ከሁለት ሰዓት በኋላ የምትገባ ጠባብ ፀሐይ አለች። እዚያ ቁጭ ብላ እግሯን ዘርግታ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ፊቷን በእጇ እየጋረደች። እሷ «አጥንቷ እንዲጠነክር» ነው የምትለው፤ እሱም እውነት ነው። ግን የጠዋት ብርሃን ለአእምሮዋም «ቀን ይሄ ነው» ይላታል። ቀን መጋረጃውን መክፈት፣ ቡና ሲወቀጥ ሙቀጫውን አለመፍራት፣ ስትነቃ ማውራት። ማታ ደግሞ ብርሃኑን ቀነስ፣ ድምፁን ቀነስ፣ ካካ ካላለች ዳይፐሯን ለመቀየር አለመሯሯጥ። ሌሊት ስትጠባ ዓይኗን አይቶ «የኔ ቆንጆ!» ማለት በጣም ያጓጓል። ቀን ላይ ይደረሳል።

ሰፈራችን መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች ልጅቱ ቶሎ ነበር የምትተኛው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መብራት መጥፋት ጥሩ ነገር ስጽፍ ነው።

ጋቢው

ከእማዬ ጋር በሁሉም ነገር ተስማማን ማለት አይደለም። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ብርዱን ያውቃል። እዚያ ልጅ ያሳደገች ሴት ልጅ ማለት ለእሷ መሸፈን ያለበት ነገር ነው። ጋቢ ከላይ፣ ኮፍያ ከራስ፣ ጥጥ የተሞላች ትንሽ ትራስ ከሥር። ከዚያ በጎን ማስተኛት። «በጀርባዋማ ካስተኛሻት ሲያስመልሳት ትታነቃለች» ትላለች። ይህ ደግሞ የእሷ ብቻ አይደለም። በሌላውም ዓለም ብዙ ዘመን በሆድና በጎን ማስተኛት ነበር የሚመከረው።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጤነኛ ሕፃን ያለ ግልጽ ምክንያት ተኝቶ የሚሞትበት ነገር በሆድ ከመተኛት ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። እንግሊዝ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። በአሜሪካ እንዲህ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስለ መታነቁ ደግሞ፣ ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው። ያስመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧ ከሚገባ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሁሉ በወረቀት ሥዬ አሳየኋት። እማዬ ሥዕሉን አየችና «ጎበዝ ነሽ፣ ሥዕል ትችያለሽ» አለችኝ። ልጅቱን በጎኗ አስተኛቻት።

የፈታችው የ45 ቀን ክትባት ልንወስድ ስንሄድ ያገኘናት ሲስተር ናት። ልጅነቷ ከእኔ ታናሽ ያደርጋታል። እማዬ ራሷ ጠየቀቻት። «በጀርባ ነው እማማ» አለቻት ሲስተሯ መርፌውን እያዘጋጀች። «ትራስም አያድርጉላት። ጋቢውን እርስዎ ይልበሱት። አንገቷን ከኋላ ይንኩት፤ ካላባት በቂ ነው።» በቃ። እኔ ስንት ምሽት ያስረዳሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እማዬ ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የልጅቱን አንገት እየነካካች መጣች። ልጅ ለእናቷ ሐኪም አይሆንም መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ክርክር ሲበዛብኝ «ሲስተሯን እንጠይቃት» እላለሁ።

ትራሷ ወጣች፣ ጋቢው እማዬ ትከሻ ላይ ቀረ። በስስ ጥጥ ልብስ መጠቅለሉ ግን ቀጠለ። እሱ ችግር የለውም፤ በጀርባዋ እስከሆነ፣ ዳሌና እግሯ እስከላላ፣ መገላበጥ ስትጀምር እስከቆመ። ቅቤ ማስላሱንና የአብሽ ውሃውንም አስቀረን። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልጋትም። «አንቺን በቅቤ ነው ያሳደግኩሽ፣ ምን ሆንሽ?» የምትለው መከራከሪያዋ ግን አሁንም መልስ አላገኘሁለትም።

አንድ አልጋ ላይ ስለ መተኛት ብዙ አልልም። የሚመከረው አንድ ክፍል፣ የየራስ መኝታ ነው። አገራችን ውስጥ ግን እናት ልጇን አቅፋ ነው የምትተኛው፤ ይህን አለማወቅ አይቻልም። ከሁሉ የከፋው ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት መሆኑን ማንም ሰው ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ድካም ሲጥለን የምንሄደው ወደዚያው ነዋ።

የሌሊቱ ተረኛ

አሁን ወደዚያች ቆይታ ወደመጣችልኝ ጥያቄ። የሚነሳ ሌላ ሰው ነበር ወይ?

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። የልጅ እንቅልፍ ችግር ብለን የምንጠራው ነገር ብዙውን ጊዜ የልጁ አይደለም። ልጅቱ ድርሻዋን ተኝታለች። እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን፤ እኛ ማለት ደግሞ በአብዛኛው አንድ ሰው ማለት ነው። የድሮው አራስ ቤት ይህን ያውቅ ነበር። አራሷ ከቤት አትወጣም፣ አጥሚቱ ይመጣላታል፣ ልጁን የሚቀበላት ሴት አይጠፋም። የጎረቤቴ ልጅ ጨዋ የሆነው እናቷ፣ እህቷና ሠራተኛዋ ቤት ውስጥ እያሉ ነው። ጠይቄያት ነው፤ ራሷ ነገረችኝ።

የእኛ ቤት የተሻለው ሌሊቱን የተከፋፈልን ጊዜ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አጥብቻት በር ዘግቼ እተኛለሁ። እማዬ ሳሎን ይዛት ትቀመጣለች፤ ስትራብ ብቻ ታመጣልኛለች። መሐል ሌሊት የእኔ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ባለቤቴ ተረኛ ነው። ዳይፐር ይቀይራል፣ ያስገሳታል፣ ደረቱ ላይ ይዟት እየተመላለሰ ያስተኛታል፤ ከዚያ ሥራ ይሄዳል። በሕጉ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው፣ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት። አባት 3 ቀን። ሦስት ቀን ውስጥ እኮ እንኳን ልጅ ሊለመድ ጠያቂውም አላለቀም። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ ተይዟል። እኔ ግን ያን ጊዜ ሳይቆራረጥ የተኛኋት እንቅልፍ ናት ሰው ያደረገችኝ።

የሌሊት ጡትን ለማስቀረት አልሞከርንም። ወተት እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞን ሌሊት ላይ ከፍ ይላል፤ የሌሊቱን ማጥባት ቶሎ መቁረጥ ወተቱን ሊቀንሰው ይችላል። ሌላም ያልሞከርነው ነገር አለ። ማታ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ለቅሶ ማስቆም። ጠያቂው ሁሉ ምርመራ ነበረው። ቁርጠት ነው፣ ዓይን ነው፣ ጡትሽ አልበቃት ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ለቅሶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣራ ይነካል፤ ሦስትና አራት ወር ላይ ይረግባል። እኛም ጋ እንዲሁ ሆነ። ያቀፋትን ሰው እየቀያየርን አሳለፍነው።

«ሌሊቱን ተኛ» የሚባለውም ቢሆን ትርጉሙን ሰው ያሳደገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ከቆየ ሌሊቱን ተኝቷል ብሎ ነው የቆጠረው። አምስት ሰዓት! እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ ስድስት ወር የሞላቸው ጤነኛ ልጆች መካከል 38 ከመቶው ገና ስድስት ሰዓት ተከታታይ አይተኙም ይላል። ይህን ቁጥር አራስ ሳለሁ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ኖሮ ለጠያቂም ለእኔም ይጠቅም ነበር።

«ተያት» የማይባልበት ጊዜም አለ። ልጅ መጥባት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ነው። እናቲቱም አለች። ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እሷን እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ቀን በቀን ካለቀሰች፣ ይህ የድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ለሐኪም መንገር ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ቨርጂኒያ በቅርቡ ወልዳለች። እናቷ ቪዛ አላገኙም፣ ባሏ ማታ ማታ ነው የሚሠራው። በበረዶው ወራት ፀሐይ እዚያ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ሌሊቱ ረዥም ነው። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ረፋድ ነው። ቪዲዮ ትልክልኛለች፤ የሚያቃስት፣ የሚወራጭ፣ ፊቱ የቀላ ትንሽ ልጅ። «ላንሳው?» ትላለች። እኔ ስልኩን ለእማዬ አቀብላታለሁ። እማዬ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ትጠጋለች፣ እንደ ሐኪም ዝም ትላለች።

«ይሄማ ተኝቷል። ተዪው በያት» አለችኝ ባለፈው። ከዚያ ስክሪኑን በጣቷ እየጠቆመች ተቆጣች። «ደግሞ ይሄን ሁሉ ልብስ ምን አሸከመችው? አንገቱን ትንካው እስቲ!»